ጉዳይ ያለው እግር
ከደብረ ማርቆስ እስከ ጣና ዳር፣ አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚሄዱባቸው ቀላል መንገዶች

እማዬ በልጅነቷ ከገጠር ደብረ ማርቆስ ገበያ ለመድረስ ዶሮ ሲጮኽ ትነሣ እንደነበር ስትነግረን ነው ያደግነው። እንቁላሉን በጭድ ሸሽጋ፣ ቅቤውን በቅል ይዛ ሦስት ሰዓት ትሄዳለች። ሸጣ፣ ጨውና በርበሬ ገዝታ ያንኑ መንገድ ትመለሳለች። ማታ ደግሞ ወጥ ትሠራለች። ዛሬ ያቺው ሴት ከቤቷ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በባጃጅ ነው። መንገዱ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ባለፈው ዓመት ጉልበቷን አመማት፤ ስኳሯም ከፍ አለ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጻፈላት በኋላ ቀና ብሎ አያትና «እናቴ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ» አላት። እሺ ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አልሄደችም። እኔ ከአዲስ አበባ በየማታው እደውላለሁ።

«ዛሬስ ሄድሽ?»

«ወዴት?»

«ዝም ብለሽ ነዋ እማዬ! እንቅስቃሴ እኮ ነው።»

«ምን ጉዳይ አለኝና ነው ልጄ፣ እንደ እብድ መንገድ ለመንገድ የምዞረው?»

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። አንድ ዕቃ አልሸጥ ሲል ደንበኛውን መውቀስ ቀላል እንደሆነ፣ ግን ምንም እንደማይጠቅም በየቀኑ አየዋለሁ። ይህን እናቴ ላይ ለመረዳት ግን ወራት ፈጀብኝ። እኛ «እንቅስቃሴ» የሚባል ነገር ልንሸጥላት ስንታገል ከረምን፤ እሷ የምትፈልገው ግን ጉዳይ ነበር። በጎጃም ደጋ እግር ያለ ጉዳይ ከቤት አይወጣም። ለገበያ ይወጣል፣ ለለቅሶ፣ ለማኅበር፣ ለንግሥ፣ የታመመ ለመጠየቅ ይወጣል። «በእግር ለመናፈስ» ብሎ መውጣት ግን እሷ ባደገችበት አገር ሥራ መፍታት ነው።

ስለዚህ በኅዳር የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩና የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ለእማዬ «እንቅስቃሴ» የሚለውን ቃል ላላነሣ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ተራራውን ለጎረምሳ

ስለ ጎጃም ጉዞ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው ጮቄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የብዙ ወንዞች መነሻ የሆነው ይህ ተራራ ለጎረምሳ እግር ደስ ይላል። ለታመመ ጉልበትና ለስድስት ዓመት ሕፃን ግን አይሆንም። ደጋ ሁሉ ተራራ አይደለም፤ በወንዝና በወንዝ መካከል የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ አለው። እኛም መንገድ ስንመርጥ ሦስት ነገር ብቻ አየን፦ ዳገት የማይበዛበት እንዲሆን፣ ሲደክም አረፍ የሚባልበት ቦታ እንዲኖረው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ጉዳይ እንዲኖር።

አንደኛው መንገድ፦ ከአደባባዩ ወደ ማርቆስ

የመጀመሪያውን ቀን ከከተማው አልወጣንም። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተነሥተን፣ መኪና የሚበዛበትን ዋና መንገድ ትተን፣ ውስጥ ለውስጡን ወደ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አመራን። ጉዳዩ ግልጽ ነበር፤ እማዬ ልጄን ልታሳልማት ነው።

«ማርቆስ ማነው?» አለች ልጄ መንገድ ላይ። እማዬ ከዚያ በኋላ ጉልበቷን የረሳችው መሰለኝ። ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደነበር፣ ደብረ ማርቆስ የሚለውን ስም ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያኑ እንደሆነ ነገረቻት። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ደፍተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እንደተባሉ፣ መናገሻቸውም ይህችው ከተማ እንደነበረች አስረዳቻት። እኔ ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሬ ረስቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ አረፍ አልን። ሄደን ስንመለስ 40 ደቂቃ ሆኖታል። ስለ ባጃጅ ማንም አላነሣም።

ሁለተኛው መንገድ፦ በጎዛምን ማሳ ዳር

ደብረ ማርቆስን ከብቦ የሚገኘው ገጠር ጎዛምን ወረዳ ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት እንዶዳም ኪዳነ ምሕረትም በዚሁ ወረዳ ይገኛል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ የዚህ አገር ሕይወት ምን ያህል በእግር መንገድ ላይ እንዳለ ያስታውሳል። ማንኩሳ ተወልዶ ዲማ የደረሰው በዛብህ፣ እሱን ፍለጋ የወጣችው ሰብለ፣ ሁሉም መንገደኞች ናቸው።

የእኛ ጉዳይ ለቅሶ ነበር። የእማዬ የአክስት ልጅ ባሏ ሞቶባት ሳንደርሳት ከርመናል። መኪናው ጥርጊያው እስካለበት አደረሰንና ቀሪውን በማሳ ዳር በእግራችን ሄድን። በኅዳር ጤፉ እየታጨደ ነው፤ ሜዳው ወርቅ ይመስላል፤ ሰማዩ ጠርቷል። መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ አስቸጋሪው አንዲት ትንሽ ጅረት መሻገር ብቻ ነበር። በክረምት ግን ይህንኑ መንገድ አልመክርም። ዋልካው ጫማ ያወልቃል፤ ጅረቱም ይሞላል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ መሬቱ እየደረቀ ይሄዳል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ለእግር የተመቹ ናቸው።

በማሳ ዳር ሲሄዱ ሁለት ነገር አይርሱ። መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ያገኙትን ገበሬ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ «እንዴት ዋላችሁ፣ በርቱ» ይበሉ። እግር መንገዱን ለቀው ያልታጨደ ሰብል አይርገጡ። ሁለተኛው ከዘራ ነው። ለጉልበትም ይረዳል፣ የመንደር ውሻም ያከብረዋል።

ለቅሶው ቤት ስንደርስ እማዬና የአክስቷ ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ቀጥሎ ቡና ተፈላ። ስንመለስ እማዬ ቀድማኝ ስትራመድ አየኋት። ልጄ እጇን ይዛ ከኋላ ትሮጣለች።

ሦስተኛው መንገድ፦ ጣና ዳር

ሁለት ቀን ትርፍ ያለው ቤተሰብ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር ይደርሳል። ሙሉ በሙሉ ሜዳ ለሚፈልግ እግር ከባሕር ዳር የተሻለ ቦታ በአካባቢው አላውቅም። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ላይ የተዘረጋች ናት። ከደብረ ማርቆስ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። መንገዶቿ በዘንባባ የተከበቡ ናቸው፤ ብስክሌቷም የታወቀ ነው።

ጠዋት ፀሐይ ሳትከር በሐይቁ ዳር ሄድን። እማዬ የምትጠይቃት እህት እዚያ ስላለቻት ጉዳዩ ሞልቷል። ሲመሽ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወደ ተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ወጣን። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስ 760 ሜትር ይሆናል፤ ዳገት የለው፣ ጭቃ የለው። እማዬ መካከሉ ላይ ቆማ ውኃውን እያየች «ይኼን ወንዝ ስንቱ ፈርቶ ተሻግሮታል» አለች። ሁለት ጊዜ ተመላለሰች።

የተወሰነ ዳገት ለማይከብደው ደግሞ ዘጌ አለ። በጀልባ ተሻግረው ከወረዱ በኋላ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ጥላ ሥር ነው። ድንጋይ ስላለው ጠንካራ ጫማ ይፈልጋል። ከእናትዎ ወይም ከሴት ልጅዎ ጋር ከሆኑ ገዳሙን አስቀድመው ይምረጡ፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ሴት አያስገቡም።

ከመውጣትዎ በፊት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ፍጥነቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ ነገር ግን መዝፈን ካቃተዎ ልክ ነው። ማውራትም ካቃተዎ ቀስ ይበሉ። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ በደጋው የመጀመሪያ ሁለት ቀናት ትንፋሽ ሊያጥረው ስለሚችል አይቸኩል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከረሜላ ወይም ሌላ ጣፋጭ ነገር በኪሱ ይያዝ፤ በባዶ እግሩ ወይም በሚጫን ጫማ አይሂድ፤ ሲመለስም እግሩን ቁስል እንዳይኖርበት ይመልከት። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማ ወዲያው ማቆምና ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። የደጋ ፀሐይ ብርዱ ስለሚሸፍናት ታታልላለች፤ ጃንጥላና ውኃ ይያዙ። ከከተማ ለመውጣት ካሰቡ ደግሞ የመንገዱን ሰላም በዕለቱ ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ

ፈቃዴ አልቆ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ያ ሁሉ ተመልሶ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እማዬ ግን የራሷን ጉዳይ ፈለገች። ከሰፈሯ ራቅ ብለው የሚኖሩ፣ ከቤት መውጣት ያቃታቸው አንዲት የማኅበሯ አሮጊት አሉ። ማክሰኞና ዓርብ እንጀራ ይዛላቸው ትሄዳለች፤ ሐሙስ የአክስቷ ልጅ ገበያ ስትወጣ ትቀበላታለች፤ እሑድ ማርቆስ ትሳለማለች። ሁሉንም በእግሯ።

ስኳሯ ጠፋ፣ ጉልበቷ ዳነ አልልም። መድኃኒቷን ትውጣለች፤ ዳገት ላይ አሁንም ታቃስታለች። ግን ባለፈው ማክሰኞ ስደውል ስልኩን ያነሣችው ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው። ደነገጥኩ።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ምንም አልሆንኩ። መንገድ ላይ ነኝ። ማታ ደውዪ፤ አሁን ጉዳይ አለብኝ» ብላ ዘጋችብኝ።