አምስቱ ዓመታትና ሰባ ስድስቱ፦ የሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎን ረጅም ዕድሜ ስናስታውስ

አንድ ሕዝብ ነፃነቱን ለማስከበር ያደረገው ተጋድሎ ሲወሳ፣ ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በጥይቱ ድምፅና በምሽጉ መውደቅ ላይ ነው። ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት ስንቅ የፈጨው እጅና ጥይቱ ከቆመ በኋላ አገር ያቆመው ትዕግሥት ግን ከትውስታው ጠርዝ ይቀራሉ። እንዲህ ያለው ትውስታ ግማሽ ትውስታ ነው። ግማሽ ትውስታ ደግሞ የብዙኃኑን ድርሻ ለጥቂቶች፣ የረጅም ዕድሜን ሥራም ለአጭር ጊዜ ገድል አሳልፎ ይሰጣል።

የሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ሕይወት ይህንኑ እንድንመረምር ያስገድደናል። ጃገማ ኬሎ ጥር 20 ቀን 1913 ዓ.ም. በቀድሞው የጅባትና ሜጫ አውራጃ፣ በዛሬው የምዕራብ ሸዋ ዞን በደንዲ ወረዳ፣ ዩብዶ በተባለው ሥፍራ ተወለዱ። መጋቢት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የፋሽስት ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ የ15 ዓመት ታዳጊ ነበሩ፤ አገር ነፃ ስትወጣ ገና የ20 ዓመት ወጣት። እንግዲህ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ በዱር በገደል ያሳለፉት 5 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የኖሩት 76 ዓመት ነው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር የሚነገረው ግን የአምስቱ ዓመት ታሪክ ነው።

መንገዱና ጫካው

አምስቱን ዓመታት በሚገባ ለመረዳት የአካባቢውን አቀማመጥ ማወቅ ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርንና ባኮን እያቋረጠ ወደ ወለጋ ይዘልቃል። ወራሪው ጦር ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ወታደርና ስንቅ ለማመላለስ ይህን መንገድ የግድ ይፈልገው ነበር። በመሆኑም በመንገዱ ዳርና በየከተማው ምሽግ እየሠራ ተቀመጠ። ነገር ግን መንገዱን የያዘ ሁሉ አገሩን ይዟል ማለት አይደለም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጭልሞ ደን፣ የደንዲ ተራራና የጅባት ጫካ ነበሩ፤ በእነዚህም ውስጥ ቀን አድፍጦ ሌሊት የሚጓዝ፣ እያንዳንዱን ሸለቆና መሻገሪያ በልጅነቱ ከብት ሲያግድ ያወቀ የአገር ልጅ ነበር።

ታዳጊው ጃገማ በዙሪያቸው ከተሰባሰቡት ዘመዶቻቸውና የአካባቢው ጎበዛዝት ጋር የወጡት ወደዚህ ጫካ ነው። የጦር ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የተቀበሉት መሣሪያም አልነበረም። በአገሪቱ እንደነበሩት እንደ አብዛኞቹ አርበኞች የጠላትን ጠመንጃ ማርከው በዚያው ጠመንጃ ጠላትን ወጉ። ባልታሰበ ሰዓት ደርሶ መትቶ የመሰወር ስልታቸው «የበጋ መብረቅ» የሚለውን ስም አተረፈላቸው። በክረምት የሚወርደውን መብረቅ ገበሬው አስቀድሞ በደመናው ያውቀዋል፤ በጠራ የበጋ ሰማይ የሚወርደውን ግን ማንም አይጠብቀውም። ፍቅረማርቆስ ደስታ ስለ ሕይወታቸው የጻፈውም መጽሐፍ ይህንኑ ስም ይዟል።

በወረራው ዘመን ማብቂያ ገደማ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ የተሰነዘረው ጥቃት በዚያ መሥመር ከተፈጸሙት ገድሎች ዋነኛው ሆኖ ይታወሳል። የጃገማና የተከታዮቻቸው ስም ከዚህ ውጊያ ጋር አብሮ ይነሣል። ከእነርሱም ጋር በውስጥ አርበኝነት ብዙ መከራ የተቀበሉት የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስም ይነሣል። ይህም ቀጥሎ ወደምናነሣው ጥያቄ ይመራናል።

ስንቁን ማን ፈጨው?

አንድ አርበኛ በጫካ አምስት ዓመት ለመቆየት በየቀኑ መብላት አለበት። ጠላት ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ መስማት አለበት። ሲቆስል የሚደበቅበት ጎጆ፣ ሲታመም የሚያስታምመው ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ያሟላው በየመንደሩ የነበረው ቤተሰብ ነው። በሶውን ያዘጋጀችው እናት፣ ጥይቱን በእህል ጆንያ ሸሽጋ ገበያ መስላ ያሳለፈችው እኅት፣ በከተማ ለጠላት የሚሠራ መስሎ ወሬ የሚያቀብለው ውስጥ አርበኛ፣ ከከብቱ መካከል አንዱን ለተዋጊዎቹ ያረደው ገበሬ፣ እነዚህ ሁሉ በተጋድሎው ውስጥ ነበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የእነርሱም መሥዋዕትነት ከተዋጊው አያንስም። አርበኛው ጠላት ሲበረታበት ጫካውን ይለውጣል፤ ቤተሰቡ ግን ከቀዬው የትም አይሄድም። አርበኛውን ያጣ ወራሪ በትሩን የሚያሳርፈው በቀረው ላይ ነበር፤ ቤት ይቃጠላል፣ ከብት ይነዳል፣ የአርበኛው ወገን የተባለ ሁሉ ይታሰራል። ስለዚህ ጀግና ብቻውን የሚበቅል ዛፍ አይደለም። የ15 ዓመት ልጅ በጫካ ኖሮ የ20 ዓመት የጦር መሪ ሆኖ የወጣው፣ ከኋላው የቆመ የወገን ግንብ ስለነበረው ነው።

ከድል በኋላ የመጣው ፈተና

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነት ተመለሰ። ነፃነት መመለሱ ግን ለታገለው ሁሉ እኩል ዋጋ አላስገኘም። በጫካ የከረሙት አርበኞች ብዙዎቹ ከስደት ተመላሹና ለጠላት ካደረው ባንዳ ኋላ ተሰልፈው ራሳቸውን እንዳገኙት ሲያማርሩ የኖሩበት ጉዳይ ነው። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ከድሉ በኋላ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መገደሉ የዚያን ዘመን ተቃርኖ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አርበኞቹን በስንቅ የደገፈው ገበሬም ዕጣው አልተለወጠም፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ አብዛኛው በጭሰኝነትና በግብር ጫና ሥር ኖረ።

ጃገማ ኬሎ በዚህ ዘመን የመረጡት መንገድ የመደበኛ ወታደርነትን ነው። በጫካ ሰው የመራ ወጣት በሠራዊት ሥርዓትና ማዕረግ ሥር መግባት እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም። በጫካ አዛዡ ራሱ ነው፤ በሠራዊቱ ግን ትእዛዝ ይቀበላል፣ ደረጃውን ጠብቆ ያድጋል። እርሳቸው ይህን ተቀብለው ከደረጃ ደረጃ እየወጡ እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደረሱ።

ባሌ፤ ጥይትና ቃል

ከሰባ ስድስቱ ዓመታት ሁሉ በጥሞና ሊመረመር የሚገባው በባሌ ያሳለፉት ጊዜ ነው። በ1955 ዓ.ም. በባሌ የገበሬዎች አመፅ ተነሣ። የመሬት ልኬትና የግብር ጫና፣ ርስትን መነጠቅ፣ የሹማምንት በደልና የሃይማኖት አድልዎ ሕዝቡን አስመርረውት ነበር። የሶማሊያ መንግሥት የመሣሪያ ድጋፍም አመፁን አጠናከረው። ከአመፁ መሪዎች ግንባር ቀደሙ ዋቆ ጉቱ ነበሩ።

እንግዲህ ታሪክ እንዲህ ያለ ፈተና አቀረበ። በልጅነታቸው የባዕድ ወራሪን ለመመከት ዱር የገቡት ጃገማ፣ አሁን በመንግሥት ጄኔራልነት በደል ያስመረረውን የገዛ አገራቸውን ገበሬ ፊት ለፊት ገጠሙ። ይህን ተቃርኖ መሸፋፈን ለማንም አይበጅም። የሥርዓቱ መሣሪያ ሆነው ነው የሄዱት። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሆነውም የጦር ኃይል ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን ተረድተዋል። ሁለቱም የኦሮሞ ልጆች ነበሩ፤ በአንድ ቋንቋ ይግባባሉ፤ ሁለቱም የጫካን ኑሮ ያውቁታል። በ1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ እጃቸውን እንዲሰጡና ደም መፋሰሱ እንዲያበቃ በማግባባት ጄኔራል ጃገማ የነበራቸው ድርሻ ከፍተኛ ነው። ለዓመታት ጦር ሲዘምትበት የኖረው አመፅ በመጨረሻ የተቋጨው በንግግር ነበር።

በዚህ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፣ ጫካ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ጫካ ያለውን ሰው ቋንቋ መስማት ይችላል፤ የጦር ልምዱ የሰላም መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ይበልጥ መራራ ነው፤ ቃል ተኩስን ያቆማል እንጂ የተኩሱን ምክንያት ብቻውን አይነቅልም። የመሬቱ በደል ባለበት በመቆየቱ የባሌ ጥያቄ አልተዘጋም፤ ዋቆ ጉቱም በኋላ ዘመን ወደ ትጥቅ ትግል ተመልሰዋል። እሳቱን ለጊዜው ያበረደውን ሰው ስናመሰግን፣ ማገዶውን ሳያነሣ የቀረውን ሥርዓት ተጠያቂ ማድረግ ይገባናል።

የሽማግሌው ተግባር

ጄኔራሉ ከባሌው ሥራ በኋላ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ኖረዋል። ዘውዳዊው ሥርዓት ወድቆ፣ ደርግም መጥቶ ሲሄድ፣ ከዚያም ሌላ መንግሥት ሲተካ አይተዋል። አባትና አያት ሆነው፣ በልጆቻቸው መካከል አርጅተው፣ የወጣትነታቸውን ታሪክ ለጠየቃቸው ጋዜጠኛና ደራሲ ሁሉ ተርከዋል። ይህ ቀላል ሥራ አይምሰለን። በዚያ ጫካ አብረዋቸው የነበሩት ብዙዎች ሳይጠየቁ ሞተዋል። ረጅም ዕድሜ ለጃገማ የሰጠው ትልቁ ጸጋ ምስክር የመሆንን ዕድል ነው፤ እርሳቸውም ዕድሉን አላባከኑትም።

ይህ ጉዳይ የአምቦንና የአካባቢውን ከተሞች ነዋሪ፣ እንዲሁም በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን ሠራተኛ በቀጥታ ይመለከታል። በ1928 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ ነው። ያንን ትውልድ ራሱን የምንጠይቅበት ጊዜ አልፏል። የቀረን ከአባትና ከእናት አፍ የሰሙት ልጆች ናቸው፤ እነርሱም አርጅተዋል። የጄኔራሉ ታሪክ በመጽሐፍ ሰፍሯል፤ በሶ ያቀበለችው ሴት፣ ከብቱን የሰጠው ገበሬና ወሬ ያደረሰው ውስጥ አርበኛ ስም ግን የሚገኘው በየጓሮው ባለ አዛውንት ልብ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ በጊንጪም ሆነ በጉደር፣ በአዲስ ዓለምም ሆነ በአምቦ፣ የቀበሌ ነዋሪዎች ስብሰባና የእድር ጉባኤ አንድ ተግባር በዕቅዱ ያስገባ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት በመንደሩ ወዳሉ አዛውንት ይሂድ፤ ማን ማንን አበላ፣ የማን ቤት ተቃጠለ፣ ማን በየት ወደቀ ብሎ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር ይጻፍ። የጀግንነቱ ብቻ ሳይሆን የክህደቱም፣ ከድል በኋላ የቀረው በደልም አብሮ ይመዝገብ። መዝገቡም በየቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ።

ጃገማ ኬሎን የምናከብረው ስማቸውን በዓመት አንድ ቀን በመጥራት ብቻ አይደለም። አምስቱን ዓመታት ከሰባ ስድስቱ ጋር፣ መሪውን ከመገበው ሕዝብ ጋር፣ ጥይቱን ከቃሉ ጋር አንድ ላይ ስናስታውስ ነው። ያን ጊዜ ትውስታችን ሙሉ ይሆናል፤ ሙሉ ትውስታ ያለው ሕዝብም ወራሪን መቼ በጥይት እንደሚመክት፣ የገዛ ወገኑን ደግሞ መቼ በቃል እንደሚያግባባ ለይቶ ያውቃል።