የአሮጌ ጃዝ ሸክላ ዋጋ በ«ጆሮው» ይታወቃል

በአሮጌ የጃዝ ሸክላ ገበያ አንድ ዓይነት ሙዚቃ የያዙ፣ አንድ ዓይነት ሽፋን የለበሱ ሁለት ሸክላዎች አንዱ በሠላሳ ዶላር፣ ሌላው በሺዎች ሊሸጥ ይችላል። ልዩነቱ በሙዚቃው ሳይሆን በኅትመቱ ዘመን ነው።

ዋናው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ የተቋቋመው ብሉ ኖት ነው። ከ1956 ጀምሮ ሪድ ማይልስ የፍራንሲስ ዎልፍን ፎቶግራፎች ከደማቅ ፊደላት ጋር እያዋሃደ ያዘጋጃቸው ሽፋኖች ራሳቸው ፈላጊ አላቸው። ሆኖም ሽፋን በቀላሉ ይባዛል። ስለዚህ ነቃ ያለ ገዢ ሸክላውን አውጥቶ ያገላብጣል።

መጀመሪያ የሚታየው መሐል ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት ነው። የሊበርቲ ስም ካለበት፣ ብሉ ኖት በ1960ዎቹ አጋማሽ ለሊበርቲ ከተሸጠ በኋላ የታተመ ነው። ይሁን እንጂ ሊበርቲ የተረፉትን የቀድሞ ወረቀቶች ስለተጠቀመባቸው፣ ወረቀቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አስተማማኙ ምልክት ከወረቀቱ ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ የተቀረጸው፣ ሰብሳቢዎች «ጆሮ» የሚሉት ነው። ይህም እስከ 1966 ለብሉ ኖት ያትም የነበረው የፕላስቲላይት ፋብሪካ ምልክት ነው። ጆሮ የሌለው የ1950ዎቹ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ኅትመት መሆኑን ይወቁ።

ጉዳዩ የአሜሪካኖቹ ብቻ አይደለም። በ1972 ኒውዮርክ የወጣው የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017 እንደገና ታትሟል። ሁለቱን በአንድ ዋጋ የሚሸጥም ሆነ የሚገዛ ከሣሪ ነው። ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ሸክላውን ከሽፋኑ ማውጣት ይቅደም።