ባቡርና በቅሎ የቀየሷቸው የገኒሰን ሸለቆ ፒስታዎች

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር በስተደቡብ ምዕራብ፣ የሮኪ ተራሮች ዙሪያውን ያጠሩት የገኒሰን ሸለቆ ይገኛል። በሸለቆው ስም የምትጠራው ከተማ፣ ገኒሰን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,348 ሜትር ላይ በመመሥረቷ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙም የማይለይ ሲሆን፣ ከእርሷ ወደ ሰሜን በአስፋልት 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ክረስትድ ብዩት ደግሞ 2,715 ሜትር ላይ ተቀምጣ ወደ ደብረ ብርሃን ከፍታ ትጠጋለች። ከሁለቱ ከተሞች ወደ ተራሮቹ የሚወጡት መንገዶች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ ፒስታ ናቸው፤ በግሬደር ይጠረጋሉ፣ ጠጠር ይለብሳሉ እንጂ አስፋልት አልነካቸውም። የሸለቆው ስም ዛሬ በብስክሌተኞች ዘንድ የሚነሣው በእነዚህ መንገዶች ምክንያት ቢሆንም፣ ለብስክሌት ታስቦ የተሠራ ግን አንድም የለባቸውም፤ የቀየሷቸው ብር ፍለጋ የመጡ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ የባቡር ኩባንያዎችና ከብት አርቢዎች ናቸው። ስለዚህ የአንድን መንገድ ጠባይ አስቀድሞ ለማወቅ ርዝመቱን ከማስላት ይልቅ ማን፣ ምን ጭኖ እንዲያልፍበት እንደተሠራ መጠየቁ የበለጠ ይጠቅማል።

ለዚህ ዓይነት ጉዞ የሚመረጠው የጠጠር መንገድ ብስክሌት እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ መሪ ያለው፣ ጎማው ግን ሰፋ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። በጎማው ውስጥ በካላማዳሪያ ፈንታ ፈሳሽ ማሸጊያ ይጨመርበታል፤ ፈሳሹ ጎማው በሾለ ድንጋይ ሲበሳ ቀዳዳውን ከውስጥ ስለሚደፍነው ነጂው ጎማውን ብዙ ሳይነፋ ለስለስ አድርጎ ለመንዳት ይችላል፣ ለስለስ ያለ ጎማ ደግሞ ጠጠሩን ቆንጥጦ ይይዛል። ስፖርቱ ገና ወጣት ነው፤ የዓለም ብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የጠጠር መንገድ ሻምፒዮና ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያን ቬኔቶ ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ባቡር የቀየሰው መንገድ ገር ነው። ምክንያቱም የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚቆነጥጠው ነገር ስለሌለው፣ የጥንቶቹ መሐንዲሶች ሐዲዱ በየ100 ሜትሩ ከ4 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይወጣ ተራራውን በመቀነት እየዞሩ ዳገቱን ማርዘም ግድ ሆኖባቸው ነበር። የማርሻል በር መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሩ፣ ማለትም ተራራውን የሚያሻግረው ማለፊያ፣ ስያሜውን ያገኘው በ1873 ካለፈበት ከመቶ አለቃ ዊልያም ማርሻል ሲሆን፣ እንደሚነገረው መኮንኑ አቋራጩን የፈለገው ጥርሱን ክፉኛ ታሞ ዴንቨር ካለው ሐኪም ቶሎ ለመድረስ ነበር። ከዚያ በኋላ ኦቶ ሚርስ የተባለ ባለሀብት የማለፊያ ክፍያ የሚሰበሰብበት የጋሪ መንገድ ሠራበት፤ በ1881 ደግሞ የዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ ኩባንያ ሐዲድ ዘረጋበት። ሐዲዱ በ1950ዎቹ ከተነቀለ ወዲህ ንጣፉ ፒስታ ሆኖ ቀርቷል። ሳርጀንትስ ከምትባለው መንደር ተነሥቶ 3,305 ሜትር ከፍታ ላይ እስካለው በር ድረስ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ነጂው 720 ሜትር ያህል ቢወጣም ዳገቱ በአማካይ 3 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ማርሽ ሳያበዛ፣ ትንፋሹን ሳያስጨንቅ ሊሄድበት ይችላል። ለጀማሪ ከሸለቆው ሁሉ የሚሻለው ይህ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአልፓይን ዋሻ መንገድም የባቡር ውርስ ነው፤ ታሪኩ ግን ይከብዳል። የዴንቨር፣ ሳውዝ ፓርክና ፓሲፊክ ኩባንያ የአህጉሩን የውኃ መከፋፈያ ሸንተረር፣ ማለትም ዝናቡን ወደ አትላንቲክና ወደ ፓሲፊክ የሚለየውን ጉብታ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ ላይ በስቶ 540 ሜትር የሚረዝም ዋሻ ቆፈረ፤ የሚናደውን አለት የሚደግፍ ከካሊፎርኒያ የመጣ የሬድዉድ እንጨትም ከውስጥ አለበሰው። ባቡሩ በ1882 ማለፍ ጀመረ፤ በ1910 ግን መስመሩ ተዘጋ፤ ዋሻውም ዛሬ ስለተደረመሰ አያሳልፍም። ብስክሌተኛው ከፒትኪን መንደር በላይ ሐዲዱ የነበረበትን ጠርዝ ተከትሎ ሲወጣ በግራና በቀኝ የሚያየው ሁሉ መሐንዲሶቹ ያደረጉትን ትግል ይመሰክራል፤ ጭቃም ሲሚንቶም ሳይገባበት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጠርቦ የተደረደረው፣ ፓሊሳይድ የሚባለው የድጋፍ ግንብ ባቡሩን ከገደል አፋፍ ላይ ተሸክሞ ኖሯል። ከታች ዉድስቶክ የምትባል የባቡር ሠራተኞች መንደር ነበረች፤ በመጋቢት 1884 የበረዶ ናዳ ወርዶ 13 ነዋሪዎቿን ስለገደለ ዳግመኛ አልተሠራችም። ቦታዋን የሚያመለክተው ጥቂት ፍርስራሽ ብቻ በመሆኑ ሳያስተውሉት ማለፍ ይቀላል።

በቅሎና ጋሪ የቀየሱት መንገድ ለዳገት አይራራም። በቅሎ ሰኮናዋን ተክላ ቀጥ ያለውን ስለምትወጣ፣ ማዕድን ቆፋሪውም ማዕድኑን በአጭር መንገድ ወደ ማቅለጫው ለማድረስ ስለሚቸኩል፣ መንገዱን የሚያረዝም ጥምዝምዝ ትርፍ ወጪ ነበር። ከፒትኪን ወደ ቲንካፕ መንደር የሚያሻግረው የከምበርላንድ በር መንገድ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ 3,662 ሜትር ደርሶ የዛፍ ወሰን ከሚባለው፣ ብርዱ ዛፍ ከማያበቅልበት ከፍታ በላይ ይወጣል። ከፒትኪን እስከ በሩ 850 ሜትር ያህል አቀበት አለ፤ ላይኛው ክፍል ላይ ጠጠሩ ላላ ስለሚል የኋላ ጎማ መንሸራተት ይጀምራል፣ ነጂውም ከኮርቻው ሳይነሣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ መግፋት ይኖርበታል።

ከዚህ የባሰው ክረስትድ ብዩትን ከአስፐን ከተማ ጋር የሚያገናኘው፣ 3,872 ሜትር ከፍታ ያለው የፐርል በር ነው። በመስከረም 1976 የክረስትድ ብዩት ወጣቶች፣ ከአስፐን በሞተር ብስክሌት ተሻግረው ለመጡ እንግዶች መልስ ለመስጠት፣ ያረጁ ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌቶቻቸውን እየገፉም እየነዱም ተራራውን አቋረጡ፤ በ1978 ደግሞ የተሻሉ ብስክሌቶች ይዘው ከካሊፎርኒያ የመጡ ተቀላቀሏቸው፣ የተራራ ብስክሌት ታሪክም ይህን ጉዞ ከመነሻዎቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። መንገዱ ግን ልቅ ድንጋይ የተከመረበት በመሆኑ ለጠጠር ብስክሌት አይሆንም፤ ታሪኩ ስቦት የሚሄድ ሰው የመንገዱን ብዙ ክፍል ብስክሌቱን ተሸክሞ ያሳልፈዋል።

ብዙዎች የሚመርጡት ግን ከክረስትድ ብዩት ተነሥቶ በኬብለርና በኦሃዮ በሮች በኩል ወደ ገኒሰን የሚወርደውን፣ በአስፋልቱ ሲመለሱበት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ዙር ነው። ከኬብለር በር አጠገብ የኧርዊን መቃብር አለ፤ ኧርዊን በ1879 በብር ሀብት ተመሥርታ ወዲያው የጠፋች ከተማ ናት። ከኦሃዮ በር በታች ያለው ቁልቁለት አጭርና ጠንካራ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ከብቶች በሚሰማሩበት ሜዳ መካከል ይዘረጋል። ከብቶቹ ከግጦሽ ወሰናቸው እንዳያልፉ በየአጥሩ መግቢያ ላይ የብረት ቱቦዎች በጉድጓድ ላይ ይጋደማሉ፤ ላም እግሯ እንዳይገባ ፈርታ አትሻገርም፣ ብስክሌት ግን ቱቦዎቹን በቀጥታ ሳይሆን በሰያፍ ካለፈ ጎማው ሊያዝ ይችላል።

የመኪና ምልልስ በሚበዛበት ቦታ ጠጠሩ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ነጂውን ከእጅ አንጓው እስከ ጥርሱ የሚያንቀጠቅጡ ትንንሽ እርከኖች ይፈጠራሉ። በ2007 የታተመ የካናዳ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ የፊዚክስ ሊቃውንት ጥናት እንዳሳየው፣ ጎማ በልቅ አፈር ላይ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ እስከተሽከረከረ ድረስ እርከኑ መፈጠሩ አይቀርም፤ የመኪናው ሞላ መኖር አለመኖር ችግሩን አያስቀረውም። ስለዚህ ልምድ ያለው ብስክሌተኛ እርከኑ ያልደረሰበትን የመንገዱን ዳር ይፈልጋል። አቧራውን ለመያዝ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ የተባለው ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ መንገዱን ያጠነክረዋል፤ ዝናብ ሲጥልበት ግን ያዳልጣል፣ በሰንሰለት ላይ ከደረቀም ብረቱን ስለሚበላው ከጉዞ በኋላ ቶሎ መታጠብ አለበት።

በከምበርላንድ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል አንጻር ከሦስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ የኦክስጅን ድርሻ ባይለወጥም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ያንሳል። በዚህ ረገድ ደጋ ላይ ተወልዶ ማደግ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ቆላ ወርዶ የከረመ ሰውነት ከፍታውን የለመደበትን ለውጥ በሳምንታት ውስጥ መልቀቅ ስለሚጀምር፣ ዴንቨር ወይም በጎረቤቷ ኦሮራ የሚኖር ሐበሻ ሳይቀር ጥቂት ቀን ገኒሰን ቆይቶ ቢወጣ ይሻለዋል። ከትንፋሽ ይልቅ ለሕይወት የሚያሰጋው በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ የሚጥለው መብረቅ ነው፤ የአካባቢው ሰዎች ንጋት ላይ ተነሥተው እኩለ ቀን ሳይሆን ከዛፍ ወሰን በታች የሚወርዱት ለዚህ ነው።

መንገዶቹ የሚከፈቱት በተራ ነው። ገኒሰን አካባቢ ያሉት ዝቅተኛ ጥርጊያዎች ብዙዎቹ ከመጋቢት 15 እስከ ግንቦት 15 ድረስ ይዘጋሉ፤ በ2000 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀውና በ2014 ለአደጋ ከተጋለጡት መዝገብ የገባው የገኒሰን ሴጅ ግራውስ የተባለው ወፍ በእነዚህ ወራት ወንዱ ሴቷን ለመሳብ ሜዳ ላይ የሚጨፍርበት ወቅት በመሆኑ፣ የሰው ኮቴ እንዳያስደነግጠው ነው። የኬብለር በር በአብዛኛው በግንቦት መጨረሻ ይከፈታል፤ ከምበርላንድ ግን እስከ ሐምሌ በረዶ ሊይዘው ይችላል። ከእነዚህ ጋር ይሰለፍ የነበረው 3,696 ሜትር ላይ ያለው የኮተንዉድ በር ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ምሥራቁ ወገን ቀድሞ አስፋልት የለበሰ ሲሆን በ2019 ምዕራቡም ተከተለው፤ አሁን ጠጠሩ የሚጀምረው ከበሩ ማዶ፣ ከቴይለር ፓርክ ሜዳ ወደ ቲንካፕ ሲታጠፉ ነው።