ደባርቅ በአንድ ገጽ፦ የሰፈር ካርታ በኮድ

የሰፈር ካርታን በኮድ መሥራት ማለት ክፍት የካርታ መረጃ አውርዶ፣ በአጭር ፕሮግራም አጣርቶ፣ በታወቀ ስኬል ወረቀት ላይ ማተም ነው። ዋናው ምንጭ እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ማንም ያርመዋል፣ ማንም ይወስደዋል፤ ሲታተም ግን የምንጩ ስም መጠቀስ አለበት።

«ካርታውን ሳተላይት ይሠራዋል፣ ሰው አያስፈልግም» የሚለው ወሬ ስንት ጊዜ ቢደጋገም እውነት አይሆንም። ሳተላይት የሚያነሳው ጣሪያና አፈር ነው። ከጎንደር በዳባት አድርጎ ደባርቅን የሚያቋርጠው፣ ከዚያም ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው መንገድ ከሰማይ ሲታይ መስመር ብቻ ነው። ደረጃውንና ስሙን የሚጽፍለት ሰው ነው። ኮዱም የሚያነበው ይህንኑ ጽሑፍ ነው፦ ዋናውን መንገድ ያወፍራል፣ የሰፈሩን ያቀጥናል፣ የእግሩን ነጠብጣብ ያደርጋል። (የእግር መንገድ ሳይቀር «ሀይዌይ» በሚል ቁልፍ መመዝገቡ ያስቃል፤ ግን ተለምዷል።)

ብዙ ካርታ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ፣ ዲግሪ ወደ ሜትር ሲቀየር ነው። መረጃው የሚመጣው በኬክሮስና በኬንትሮስ ነው፤ ወረቀት የሚለካው በሴንቲ ሜትር። ክብ ምድርን ማጠፍጠፍ የመሶብ ክዳን ጠረጴዛ ላይ እንደ መደፍጠጥ ነው፤ ወይ ይቀደዳል ወይ ይጨማደዳል። ደባርቅ ላይ አንድ ዲግሪ ከደቡብ ወደ ሰሜን 110.6፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ 108.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ሳይታይ ያልፋል፤ ኦስሎ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያለው ዲግሪ ወደ 56 ኪሎ ሜትር ስለሚወርድ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል። ስልክ ላይ የለመድነው፣ ዌብ መርካቶር የተባለው የካርታ አሣሣልም በደባርቅ ኬክሮስ ርቀትን ከ2.5 በመቶ በላይ ያገዝፋል፦ በ1፡5000 ስኬል 20 ሴንቲ ሜትር መሆን የነበረበት 1 ኪሎ ሜትር ከ20.5 ያልፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዩቲኤም በተባለው፣ በሜትር በሚለካ የካርታ ሥርዓት ደባርቅ ቀጠና 37 ሰሜን ውስጥ ናት፤ ለኮዱ 32637 የሚለውን የቀጠናውን መለያ ቁጥር መስጠት ይበቃል። የከተማዋ ከፍታ ተደምሮ እንኳ ስህተቱ በኪሎ ሜትር 1 ሜትር አይሞላም፤ ወረቀት ላይ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በስህተት 20137ን የመረጠ ግን የቀድሞዎቹ 1፡50,000 የአገሪቱ ካርታዎች ወደተሠሩበት ወደ አዲንዳን ሥርዓት ገባ። ሁለቱን ሳያስታርቅ ቢያነባብር ቤቶቹ ከ100 ሜትር በላይ ተንሸራትተው ይገኛሉ።

የቤቶቹ ቅርጽ የራሱ ጣጣ አለው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 ለአፍሪካ ያወጣው ክፍት የሕንፃዎች መረጃ በማሽን ከምስል የተለቀመ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቤት የአስተማማኝነት ነጥብ ተሰጥቶታል። ነጥቡ የት ላይ ይቆረጥ የሚለው ባለሙያውን ሁሉ የሚያስማማ መልስ የለውም። ዝቅ ቢደረግ አለት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ከፍ ቢደረግ አምባራስን በመሰለ የስሜን መንደር የሣር ክዳን ቤት ሊጠፋ ይችላል። ግድግዳ የሚጋሩ ቆርቆሮ ቤቶችም አንዳንዴ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስለዚህ በእነዚህ ቅርጾች ሕዝብ ለመቁጠር መቸኮል አይገባም።

የሰፈር ወሰን ብዙውን ጊዜ በመረጃው ውስጥ የለም፤ ሰፈሩ አንድ ነጥብና ስም ብቻ ነው፣ ዳር ድንበሩን ነዋሪ ጠይቆ ማስመር ይሻላል። ስሞቹ በአማርኛ እንዲወጡ የአማርኛው ቁልፍ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ፎንቱ የግዕዝ ፊደል ከሌለው በስሙ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይታተማል።

ኤ4 ወረቀት በ1፡5000 ስኬል 1,050 በ1,485 ሜትር ይይዛል፤ ከዚያ ላይ ኅዳጉ ይቀነሳል። ፕሪንተሩ «ከገጹ ጋር አስማማ» ከተባለ ያ ሁሉ ስሌት ገደል ይገባል፤ ስለዚህ 100 በመቶ ተብሎ ይታዘዝ። ካርታው ላይ የስኬል መስመርም ይሳል፤ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ቢያንስ መስመሩም አብሮ ያንሳል።