ሰንጢ ሲታጠፍ

መቂ ገበያ ላይ ሰንጢ የምንሸጥ ሰዎች ለደንበኛ የማንነግረውን ነገር ዛሬ ለእናንተ ሹክ ልበላችሁ። ገዢ ሰንጢ ሲያነሳ መጀመሪያ ስለቱን በጥፍሩ ይሞክራል። ከዚያ ይከፍተውና ቀጭ ሲል ሰምቶ "ቁልፍ አለው" ብሎ ሒሳቡን ይከፍላል። እንዴት እንደሚታጠፍ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም፤ ሲታጠፍ ደግሞ ጣት ሊበላ ይችላል።

ሽንኩርት በሚነሳበት ሰሞን የማሳ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሲባጎ ሲበጥስ፣ ጆንያ ሲቀድ፣ የውሃ ሞተር ቱቦ ሲቆርጥ ይውላል። እጁ በአፈርና በሽንኩርት ውሃ ተለውሷል። በአንድ እጁ ጆንያውን ስለያዘ ሰንጢውን የሚያጥፈው በሌላኛው ብቻ ነው። ታዲያ ቁልፉን ሲያላቅቅ አውራ ጣቱ የት ላይ ነው?

ከርካሾቹ ብዙዎቹ ባለ ምላስ ናቸው። እጀታው ውስጥ ያለች ቀጭን ላሜራ ስለቱ ሲከፈት ወደ መሀል ትወረወርና ከግርጌው ትደግፈዋለች። ይህን አሠራር አሁን ባለው መልኩ ያዳበረው አሜሪካዊው ቢላ ሠሪ ማይክል ዎከር ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ። በአንድ እጅ መክፈትና ማጠፍ ስለሚቻል ተወደደ። አደጋውም እዚያው ነው፤ ላሜራዋን ገፍቶ የሚያላቅቀው አውራ ጣት የቆመው ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ላሜራዋን ገፋ አድርጋችሁ ስለቱን ከጀርባው ጥቂት ብቻ አጠፍ አድርጉት፤ አውራ ጣታችሁን ሙሉ በሙሉ አውጡና ከዚያ በኋላ ጀርባውን በሌላው እጃችሁ መዳፍ ገፍታችሁ ጨርሱት። ጆንያው ይቆይ።

አሁን ደግሞ የጓዳውን ልንገራችሁ። ሰንጢው ለገዢ ለስለስ ብሎ እንዲከፈት የመታጠፊያውን ብሎን በካቻቢቴ ላላ አድርጎ ዘይት ጠብ የሚያደርግ ሻጭ አለ። ብሎኑ ሲላላ ስለቱ ይወዛወዛል፤ ላሜራዋም በጠርዟ ብቻ ትይዛለች። የሽንኩርት ልጣጭ ከገባባትማ ጫፉን ጆንያ ላይ ስትጫኑት ሸርተት ትልና ስለቱ በአራቱ ጣቶቻችሁ ላይ ይታጠፋል። ከመግዛታችሁ በፊት ስለቱን ከፍታችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ቀጥሎ ጣቶቻችሁን ከስለቱ መንገድ አርቃችሁ ጀርባውን እንጨት ላይ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ከታጠፈ መልሱለት፤ አትከራከሩ።

ቁልፉን ከእጀታው ጀርባ ተጭነው የሚያላቅቁት ሰንጢም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካው በክ 110 ዓለም ላይ ያስፋፋው ዓይነት ነው። አውራ ጣት ከስለቱ መንገድ ውጭ ስለሚሆን ይሻላል፤ ግን በሁለት እጅ ነው የሚታጠፈው፤ አንዱ ይጫናል፣ ሌላው የስለቱን ጀርባ ይዞ ያወርዳል። የመቂ አቧራ ቁልፉ የሚቀመጥባትን ጎድጓዳ ቦታ ስለሚሞላት በስንጥር ጥረጉለት።

በእኔ ግምት ለጣት ከሁሉም የሚራራው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ማርሴል ኦፒኔል የሚዞር የብረት ቀለበት አንገቱ ላይ ጨመረበት። ቀለበቱን ስታዞሩ ጣታችሁ ስለቱ ፊት አይቆምም። እጀታው እንጨት ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አላንቀሳቅስ ይላል፤ ለመስኖ ማሳ ይኼ ትልቅ ጉድለት ነው።

ትንሹ የስዊስ ሰንጢ ደግሞ ቁልፍ የለውም፤ የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው። እኔ ግን ከላላ ባለ ምላስ እሱን እመርጣለሁ። ቁልፍ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው በጫፉ አይወጋበትም፤ በላላ ቁልፍ የተማመነ ግን ሙሉ ክብደቱን ይጥልበታል።

የሽንኩርት ቅጠል ለመቁረጥ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ግን ሰንጢ አልሰጠውም። የማይታጠፍ ካራ ከነአፎቱ ነው የማወጣለት፤ ለቀን ሙሉ ሥራ የሚሆነው እሱ ነው።