ጠሃራና ጠዋፍ፦ በሐጅ ሥርዓት ውስጥ የመንጻት ግዴታ ወሰን

በሐጅ ቀናት የሚፈጸመው ተግባር ሁሉ ያለ ውዱእ ተቀባይነት የለውም ብሎ የሚሰጋ ምእመን ጥቂት አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የጠሃራ፣ ማለትም የሥርዓታዊ ንጽሕና ግዴታ በሐጅ ውስጥ የት ላይ እንደሚጸና፣ ሊቃውንቱም በምን እንደሚለያዩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ጠሃራ ከአካል ጽዳት ጋር አንድ አለመሆኑን መረዳት ያሻል። ኢሕራም ያደረገ ሰው ሽቶ አይቀባም፤ በዐረፋ ሜዳ አቧራና ላብ ለብሶ ቢውልም በሕጉ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ገላውን ታጥቦ የወጣ ሰው ጋደም ብሎ እንቅልፍ ከወሰደው ውዱኡ ይፈርሳል። ውዱእ ፊትን፣ እጅን እስከ ክርን፣ እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ማጠብና ራስን በውኃ ማበስ ነው። ጉስል ደግሞ ከሩካቤ፣ ከወር አበባና ከወሊድ ደም በኋላ የሚፈጸም የመላ አካል ትጥበት ነው።

የሕጉ መነሻ ነቢዩ ሙሐመድ በ10 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ632) ያደረጉት የስንብት ሐጅ ነው። በዚያ ጉዞ የአቡ በክር ባለቤት አስማ ቢንት ዑመይስ ዙልሑለይፋ ላይ ቢወልዱ፣ ታጥበው ኢሕራም እንዲያደርጉ ታዘዙ። የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻም መንገድ ላይ የወር አበባ መጥቶባቸው ሲያለቅሱ፣ ሐጃጅ የሚያደርገውን ሁሉ እንዲያደርጉ፣ ነገር ግን እስኪነጹ ካዕባን እንዳይዞሩ ተነገራቸው። ስለዚህ በዐረፋ መቆም፣ በሙዝደሊፋ ማደርና በሚና ጠጠር መወርወር ያለ ጠሃራ ይጸናሉ። በሶፋና በመርዋ መካከል የሚደረገው ሰዕይም በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ እንዲሁ ነው። ግዴታው የሚጸናው ካዕባን 7 ጊዜ በሚዞሩበት በጠዋፍ ላይ ነው።

ልዩነቱም የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው። በሻፊዒና በማሊኪ መዝሀቦች፣ በሐንበሊም ዘንድ በታወቀው አቋም፣ ያለ ጠሃራ የተደረገ ጠዋፍ ከነጭራሹ አይቆጠርም። በሐነፊ መዝሀብ ግን ጠሃራ ግዴታ ቢሆንም የጠዋፉ መጽኛ አይደለም፤ ጠዋፉ ይጸናል፣ ጉድለቱ ግን በእርድ ይካሳል። በሀገራችን ሻፊዒም ሐነፊም ተከታዮች ስላሏቸው፣ ከአንድ አካባቢ የሄዱ ሐጃጆች ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ቢሰሙ ሊያስገርመን አይገባም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው የሐጅ ምሰሶ የሆነውን የኢፋዳ ጠዋፍ ሳታደርግ የወር አበባ በመጣባት ሴት ላይ ነው። ኢፋዳን ፈጽማ ቢሆን ኖሮ የመሰናበቻው ጠዋፍ ይቀርላት ነበር፤ የነቢዩ ባለቤት ሶፊያ በዚህ ሁኔታ እንዲጓዙ ተፈቅዶላቸዋልና። ኢፋዳ ግን አይቀርም። እስክትነጻ መቆየት የምትችል ትቆያለች፤ አውሮፕላኗ የሚነሳባትና ተመልሳ መምጣት የማይሆንላትስ? እ.ኤ.አ. በ1328 ያረፉት ኢብን ተይሚያ፣ የጉዞ ጓደኞቿ ጥለዋት ለሚሄዱ ሴት፣ ከአቅም በላይ የሆነ ግዴታ እንደሚነሳ ሁሉ ይህም ይነሳላታል፣ ባለችበት ሁኔታ ጠዋፍ ታድርግ ብለው ፈርደዋል። በዘመናችንም ይህን አስተያየት የሚከተሉ ሊቃውንት አሉ።

እኛ ከአስተያየቶቹ አንዱን ለማስመረጥ አልተነሳንም። ሆኖም አንዲት እናት ይህን ጥያቄ በመመለሻዋ ዋዜማ በጭንቀት ከምትጠይቅ፣ ከቤቷ ሳትወጣ የመዝሀቧን ዑለማ ጠይቃ ብትረዳው፣ የመመለሻ ቀኗንም በዚያው ብታመቻች ይበጃል እንላለን።