የዘሩ እህል ለዒድ እንዳይሸጥ

በሲናና ደጋ ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። በአካባቢው «ጋና» የሚባለው በመጋቢትና በሚያዝያ ተዘርቶ ክረምት ላይ ይታጨዳል፤ «ቦና» ደግሞ ክረምት ላይ ተዘርቶ በታኅሣሥና በጥር ይሰበሰባል። የዘንድሮው የ2018 ዓ.ም. ረመዳን ከየካቲት እስከ መጋቢት በመሆኑ በሁለቱ መካከል ውሏል። የቦናው ስንዴ ጎተራ ገብቷል፤ የጋናው ዘር ገና አልተዘራም። እጃችን ላይ ያለው ገንዘብ የዘርም፣ የማዳበሪያም፣ የኢፍጣርም ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለቴምሩ፣ ለሥጋው፣ ለልጆች የዒድ ልብስ «አንድ ኩንታል እንሽጥ» እንላለን። አንዱ ሦስት፣ ሦስቱ አምስት ይሆንና ለዘር የተቀመጠው ይነካል። ከዚያ ወዲያ ያለው ብድር ነው፤ ወይም በርካሽ የሸጥነውን ስንዴ ክረምት ላይ በውድ መልሶ መግዛት።

ቁጥብነት ለእምነታችን እንግዳ አይደለም። ሱረቱል አንዓም አንቀጽ 141 የሰብልን ሐቅ በአጨዳ ቀን መስጠትንና አለማባከንን አብሮ ያዛል። ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) ለድርቁ ዘመን እህል ከነዛላው እንዲቀመጥ መምከራቸው በስማቸው በተሰየመው ሱራ ውስጥ ይገኛል።

ታዲያ የቤታችንን በጀት ከየት እንጀምር? ለገበሬ ቤት መለኪያው ወር ሳይሆን ምርት ነው። ስለዚህ ከብሩ በፊት በኩንታል እናስላ።

ለምሳሌ ስድስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ከሁለት ሄክታር 40 ኩንታል ስንዴ አገኘ እንበል። መጀመሪያ የሚወጣው ዘካ ነው፤ የባለመብቱ እንጂ የእኛ አይደለምና። የእህል ዘካ ግዴታ የሚሆነው ምርቱ አምስት ወስቅ፣ ማለትም ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ ሲደርስ ነው። በዝናብ ከበቀለው አንድ አሥረኛው፣ በወጪ በመስኖ ከለማው ደግሞ አንድ ሃያኛው ይወጣል። የእርሻ ወጪ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለውን የአካባቢያችንን ዓሊሞች እንጠይቅ። በምሳሌያችን 4 ኩንታል ለዘካ ሲወጣ 36 ይቀራል። እስከ ጋናው አጨዳ ለቀለብ 8፣ ለዘር 3፣ ለማዳበሪያ፣ ለአረም መድኃኒት፣ ለትራክተርና ለኮምባይነር 13፣ ለትምህርት ቤትና ለሕክምና 5፣ ለረመዳንና ለዒድ 3፣ ለክፉ ቀን 4 ብንመድብ ሒሳቡ ይሞላል። የእያንዳንዳችን ቁጥር ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠቅመናል።

ይህን ስሌት አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ባል የማሳውን ካወቀ ሚስት የጓዳውን ታውቃለች፤ አንዳቸው ከሌሉ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። ከተራዊሕ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አብሮ መቀመጥ ይበቃል፤ መጻፍ የሚችል ልጅ ካለ ደብተሩን ይያዝ። በማግስቱ ጆንያዎቹን «ዘር»፣ «ቀለብ»፣ «ሽያጭ» እያልን ምልክት እናድርግባቸው። ስም የተጻፈበትን ጆንያ ለመንካት እጅ ያመነታል።

የረመዳኑን ወጪ ደግሞ ለሠላሳውም ቀን ማታ ማታ እንመዝግብ። የሾርባው ገብስና ስንዴ ከቤት ከወጣ፣ በርካታ ገንዘብ የሚወስደው የቱ እንደሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይታየናል። ዘካተል ፊጥርንም አስቀድመን እንያዝ፤ ለአንድ ሰው አንድ ቁና (ሷዕ)፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ስለሆነ፣ ለስድስት ሰው ከ15 እስከ 18 ኪሎ ስንዴ ይበቃል። የሚሰጠውም ከዒድ ሶላት በፊት ነው።

በሮቤና በጎባ በደመወዝ የምንተዳደር ደግሞ ይህንኑ በወር እንከፋፍለው። ደመወዝ በገባበት ዕለት የቤት ኪራዩን፣ የአስቤዛውንና የዕቁቡን ለይተን፣ የክፉ ቀኑን ከወለድ ነፃ ሒሳብ ውስጥ እናስቀምጥ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሌሎች ባንኮችም ለዚህ የተለየ መስኮት አላቸው።

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከቦናው አጨዳ ጋር ይገናኛል። ያኔ ጎተራው ሙሉ፣ ፈተናውም ከባድ ይሆናል። ደብተሩን ዘንድሮ የጀመረ ቤተሰብ ያን ጊዜ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ በጎተራችንም በረካውን ያድርግልን።